የጠፋችው ዜሮ

«እንቁላል፣ እስካሁን እግር አላወጣሽም?» አለች መብረቅ ደብተሯን ዴስኩ ላይ እየወረወረች። ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ።

እንቁላል አልሳቀችም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ይዛ ይህን ስም ያወጣችላት ራሷ መብረቅ ናት፤ እያንዳንዱን እርምጃ ሳትጽፍ መልስ ስለማትሰጥ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ጓደኛሞች ናቸው። መብረቅ ግን እንደ ቅጽል ስሟ ጥያቄው ተነቦ ሳያልቅ እጇን ታወጣለች፤ መምህሩም ፈገግ ይላሉ። ያቺ ፈገግታ ናት የእንቁላልን አንጀት የምታሳርረው። ቅናት መሆኑን ታውቃለች፤ ራሷን አትዋሽም።

ዛሬ ለሂሳብ ውድድር ከክፍሉ አንድ ተማሪ ይመረጣል። የሚመረጠውም መምህሩ በሰጡት የአምስት ጥያቄ የቤት ሥራ ውጤት ነው። ደንባቸው የታወቀ ነው፦ ጓደኛሞች ደብተር ይለዋወጣሉ፤ ስህተት ያገኘ በእርሳስ ከብቦ ያሳያል እንጂ አይሠራለትም፤ አይቶ ሲጨርስ ከታች ይፈርማል።

እንቁላል የመብረቅን ደብተር ገለጠች። አራቱ እንከን አልነበራቸውም። አምስተኛው 3x² = 12x ይላል። መብረቅ ሁለቱንም ጎን ለ3x አካፍላ x = 4 ብላ ጨርሳለች።

የራሷን አስታወሰች። 12xን ወደ ግራ አሻግራ 3x² − 12x = 0 አለች። የጋራውን አውጥታ 3x(x − 4) = 0 ጻፈች። ስለዚህ x = 0 ወይም x = 4። መልሱ ሁለት ነው። መብረቅ x ራሱ ዜሮ ሊሆን እንደሚችል ሳታስብ ለ3x አካፍላ አንዱን መልስ ጥላዋለች።

እንቁላል ደስ አላት። በደስታዋ አፈረች፤ ደስታው ግን አልጠፋም። ዝም ብላ ብትፈርም ውድድሩ የእሷ ነው። የእስክሪብቶዋን ጫፍ ፊርማው ቦታ ላይ አሳረፈች።

«ፈረምሽልኝ? እኔ ፈርሜልሻለሁ» አለች መብረቅ።

«የእኔን አምስተኛ አየሽው?»

«ኧረ አንዱንም አላየሁ። አንቺ ደሞ መቼ ተሳስተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ነኝ እንጂ ችኩሏ። እንዳንቺ መርጋት አማረኝ፣ አልሆን አለኝ።»

ደወሉ ተደወለ። መምህሩ ከፊት ጀምረው ደብተር መሰብሰብ ያዙ።

እንቁላል የገዛ ደብተሯን አየች። የመብረቅ ፊርማ ከታች ተጣሞ ተቀምጧል። እስክሪብቶውን አስቀምጣ እርሳስ አነሳች፤ ማካፈሉ የተጻፈበትን መስመር ከበበችው።

«ምን ሆነ?»

«xን ዜሮ አድርገሽ ሞክሪው።»

መብረቅ ደብተሩን ወደ ራሷ ሳበች። በx ቦታ ዜሮ አስገብታ አየች፤ ከዚያ ሰርዛ እንደገና ጀመረች፤ በዚህ ጊዜ አንድም እርምጃ አልዘለለችም። እንቁላል አንጀቷ እንዳረረ ነው። የራሷን ሰጥታ መውጣት ትችል ነበር።

መምህሩ አጠገባቸው ደርሰው እጃቸውን ዘረጉ። «የእናንተስ?»

እንቁላል ደብተሯን አልሰጠችም። «አንዴ ይጠብቁን፣ ቲቸር» አለች። «ገና አልፈረምኩላትም።»