የፍሬአብ ተራ

ሐሙስ ጠዋት ራኬብ ስልኳን ከፍታ ስታይ፣ ከፍሬአብ ስም አጠገብ ያለችው ሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ከአስር ደቂቃ ብቻ እንደቀረው ታሳያለች። በስምንት ወር ውስጥ የፍሬአብ ሰዓት ከሃያ በታች ወርዶ አይታ አታውቅም።

በስልክ የሚጫወቱትን ጨዋታ ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ከአንዲት መንደር ተነስቶ አገር ይሠራል። ያርሳል፣ መንገድ ይዘረጋል፣ ከተማ ይቆረቁራል፣ ጎረቤቱን ይወራል ወይም ራሱ ይወረራል። ጨዋታው በተራ ነው፤ ተራህ ሲደርስ ሃያ አራት ሰዓት ይሰጥሃል። በዚያ ውስጥ ካልተጫወትክ ኮምፒውተሩ ወንበርህ ላይ ይቀመጥና አገርህን እንዳሻው ያደርጋታል። ወንበሩንም መልሶ አይሰጥህም።

ራኬብና ፍሬአብ አንድ ቡድን ናቸው። ከዚያም በላይ ናቸው እንዳልል፣ ከሰኞ ጀምሮ ተኳርፈዋል።

የተዋወቁት በባትሪ ምክንያት ነው። ራኬብ በሰው አገር፣ የሐበሻ ሱቆች በተደረደሩበት የፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ እትዬ ሰርካዲስ ሱቅ ውስጥ፣ በርበሬና ሽሮ ትሸጣለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የፓርኪንግ ሠራተኞች የሚለብሱትን ቀይ ጃኬት ያደረገ ቀጭን ልጅ እየሮጠ ገባና ምንም ሳይገዛ፣

«እህት፣ ስልኬን አስር ደቂቃ ቻርጅ ላድርግ? ፕሊስ» አላት።

«ምነው፣ ሰው ታሞብህ ነው?»

«አይ። ተራዬ ሊያልፍብኝ ነው።»

ስልኩን ሰካችለት። ስትሰካለት ካርታውን አየችው። እሷም ማታ ማታ የምትጫወተው ያንኑ ነው።

«ያንን ከተማ ወንዙ ዳር አትሥራው» አለችው። «ጎርፍ ይወስደዋል።»

ልጁ ቀና ብሎ አያት። አስተያየቱ ትንሽ ስለረዘመ፣ ራኬብ አንዴ የመዘነችውን ሽሮ እንደገና መመዘን ጀመረች።

«የት ልሥራው ታዲያ?»

«ኮረብታው ላይ። መጀመሪያ ግን ግንብ።»

«ፈሪ ነሽ መሰለኝ።»

«ፈሪ ለእናቱ» አለችው።

በሳምንቱ አዲስ ጨዋታ አንድ ቡድን ሆነው ጀመሩ። ሥራ ተከፋፈሉ። መሃል አገሩ የሷ ሆነ፤ እርሻው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ግንቡ። ዳር አገሩን ፍሬአብ ያዘ፤ ቅኝቱን፣ ድንበሩን፣ ጦርነቱን። እሷ ያወቀችው ጥበብ ለሱም ይሆናል፤ እሱ የረገጠው መሬት ለሷም ይታያል። ራኬብ ወታደር ማሠልጠን አትወድም። የነበሯትን አራት ፈረሰኞች ግን ወደሱ ድንበር ላከችለት። ለሷ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ቤቷ ሦስት ቁልፍ ያለው ሰው ናት።

ካርታው ላይ ትንሽ ምልክት ተክሎ ከጎኑ ጥቂት ቃላት መጻፍ ይቻላል። ፒን ይሉታል። ከቡድንህ ሌላ የሚያየው የለም። መጀመሪያ ላይ የፍሬአብ ፒኖች «እዚህ ድልድይ»፣ «ከዚህ በኩል ጠላት» የሚሉ ነበሩ። በሦስተኛው ወር ባህሩ መሃል፣ ምንም በማይሠራበት ቦታ፣ «ምሳ በላሽ?» የሚል አገኘች። በአራተኛው ወር በረሃው ላይ ሌላ። «ትላንት ሱቅ መጥቼ አጣሁሽ። ቀኑ አልመሽ አለኝ።» ያን ቀን ራኬብ ሽሮ ለጠየቃት ሰው በርበሬ ሰጠች።

በስድስተኛው ወር ዌስት አዳምስ ሰፈር፣ እሱ የሚኖርበት ቤት ደጅ ላይ፣ መኪናዋ ውስጥ እንደተቀመጡ እጇን ያዛት። ከዚያ የጨዋታውን ፓስዎርድ ነገራት።

«አንድ ቀን እኔ ካልቻልኩ ተራዬን አንቺ ተጫወቺልኝ። ለኮምፒውተር አትስጪኝ።»

«ምን ሆነህ ነው የማትችለው?»

«ሰው አይደለሁ?» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ፌርፋክስ ላይ ሰው የታመመ ዘመዱን፣ የፈታትን ሚስቱን፣ የጎረቤቱን ሐሜት ሁሉ ያጫውትሃል። ኬዙን፣ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳዩን፣ ግን አያወራም። የወረቀት ነገር ከተወራ ይበላሻል ይባላል። አንድ ክፍል ውስጥ የሚያድሩ ሰዎች እንኳ አንዱ የሌላውን አይጠይቅም፤ አለመጠየቅ ጨዋነት ነው። ሁለቱን ጉድ የሠራቸው ይሄው ጨዋነት ነው።

ሰኞ እለት እትዬ ሰርካዲስ ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ወሬ ጀመሩ።

«ያን የፓርኪንግ ልጅሽን ሚራክል ማይል ሰፈር አየሁት። ሱፍ ከለበሰች ቆንጆ ልጅ ጋር ከቢሮ ሲወጣ። ወረቀት ታቅፏል።»

«ታዲያ ምን አለበት?»

«እኔ እንጃ ልጄ። እዚህ አገር የመኖሪያ ወረቀት አንድም በዳኛ ነው፣ አንድም በጋብቻ።»

ያን ቀን ፍሬአብ ሱቅ ሲመጣ ራኬብ አላስቀመጠችውም።

«ሐሙስ እንገናኝ?» አለችው።

«ሐሙስ ሥራ አለብኝ።»

«ሐሙስ ኦፍ ነህ አይደል?»

«ማለቴ... ሌላ ሥራ ነው።»

«ሱፍ የለበሰችው ማናት?»

ፍሬአብ በመልስ ፈንታ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ውስጥ ያየችው ፍርሃት ነበር። እሷ ግን ውሸት ነው ብላ አነበበችው።

ያን ማታ ተራዋ ሲደርስ አራቱን ፈረሰኞች ከሱ ድንበር መልሳ የራሷ ግንብ ውስጥ ከተተቻቸው። አንድ ቃል አልጻፈችለትም። ማክሰኞ ፈረሰኞቹ ቆመውበት በነበረው ሜዳ ላይ አንድ ፒን ተተክሎ አየች። «እሺ» ይላል፤ ሌላ ምንም። የራሷን ተራ ተጫውታ ዘጋች፤ ከዚያ ወዲያ ካርታውን ላለማየት ማለች።

እንግዲህ ሐሙስ ጠዋት ያየችው ሰዓቱን ብቻ ነው። ሰባት ሰዓት ሲቀረው ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። «ሙሽራ ስልኩን ያጠፋል» አለች በልቧ፤ ንዴቱ ለግማሽ ሰዓት ያህል ረዳት። ስድስት ሲቀረውም፣ አራት ሲቀረውም ደጋግማ ደወለች። አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀረው ንዴቱ አለቀባት። ፍሬአብ ሴት ሊከዳ ይችላል፤ ተራውን ግን አይከዳም። አንድ ነገር ሆኗል።

ጓዳ ገብታ የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀመጠችና ካርታውን ከፈተችው።

መጀመሪያ አንድ ማስታወቂያ ወጣ። ፍሬአብ ሦስት ከተሞቹን ለራኬብ ይሰጣል፤ በምትኩ የሚጠይቀው ነገር የለም፤ ትቀበያለሽ? የቀረችው ዋና ከተማው ብቻ ናት፤ ዋና ከተማ በጨዋታው ሕግ ለሰው አይሰጥም። ራኬብ መልስ እስክትሰጥ ድረስ የሱ ተራ አይዘጋም። «ፈታኝ» አለች ራኬብ። ሰው ዕቃ ተካፍሎ እንደሚለያየው መስሏት ነበር።

ቀጥሎ ፒኖቹን አየች። አንድ ፒን ብዙ ቃል ስለማይችል፣ ፍሬአብ ከባህሩ ዳር ጀምሮ እስከ ተራራው እየተከለ ሄዷል። ጣቷን በካርታው ላይ እየጎተተች አነበበች።

«ራኪ፣ ዛሬ የኢሚግሬሽን ቀጠሮ አለኝ።»

«በየዓመቱ ፈርሜ እወጣ ነበር። ዘንድሮ ሰው እያስቀሩ ነው።»

«ያልነገርኩሽ እንዳትፈሪ ብዬ ነው።»

«ሱፍ የለበሰችው ሎየሬ ናት፤ ጠበቃዬ። ዙሌይካ።» ከሥሩ የስልክ ቁጥር አለ።

«ካልወጣሁ ከተሞቹን ውሰጂ። ግንብ አጥሬላቸዋለሁ፤ እንደምትወጂው።»

የመጨረሻው ዋና ከተማው ላይ ነው። «ፈረሰኞችሽን መመለስሽ ልክ ነው። አንቺን ብሆን እኔም እመልሳቸው ነበር።»

ራኬብ እዚህ ላይ አለቀሰች። እንባዋን በሽርጧ ጠርጋ ለዙሌይካ ደወለችና ስለ ፍሬአብ ጠየቀቻት።

«ጠዋት የገባ ነው፣ እስካሁን አልወጣም» አለች ዙሌይካ። ድምጿ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። «አብረውት ከገቡት ሁለቱን በኋላ በር ወደ እስር ቤት ወስደዋቸዋል። እሱ ላይ ገና አልወሰኑም። ቋሚ አድራሻና ኃላፊነት የሚወስድለት ሰው አለው ወይ ይሉኛል። ማንም የለኝም ብሏል።»

«አለው።»

«ማን?»

«እኔ።»

«ወረቀት አለሽ?»

«ግሪን ካርድ።»

«ኦኬ። ቢሮው ሳይዘጋ መታወቂያሽን ይዘሽ ድረሺ። አልዋሽሽም ግን፤ መጥተሽም ላይሆን ይችላል።»

ስልኩን ዘጋች፤ ከጆንያው ላይ ግን አልተነሳችም። ዳውንታውን፣ መሃል ከተማ ባለው የኢሚግሬሽን ሕንፃ በኩል ወረቀት ያለው ሰው እንኳ አያልፍም። ደግሞም ራኬብ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ፍሪዌይ፣ ፈጣኑ አውራ ጎዳና ላይ ወጥታ አታውቅም። የትም ስትሄድ በሎካል፣ በሰፈር ውስጥ መንገድ ነው። በሎካል ከሄደች ቢሮው ሳይዘጋ አትደርስም።

እትዬ ሰርካዲስ መጋረጃው ጋ ቆመው ሰምተው ኖሯል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«አፌን በቆረጠው» አሉ።

«እትዬ፣ ፈራሁ።»

«ፈሪ ለእናቱ ይባላል» አሉ እትዬ ሰርካዲስ፣ የመኪናዋን ቁልፍ ከመደርደሪያው አንስተው እጇ ላይ እያስቀመጡ። «እናትሽ እዚህ የለችም። ሂጂ።»

ፍሪዌይ አስር ላይ ስትወጣ ጀርባዋ በላብ ራሰ። ከኋላዋ ክላክስ ያደርጉባታል፤ የጭነት መኪና በጎኗ ሲያልፍ መኪናዋ ትወዛወዛለች። መሪውን ጨብጣ «እመብርሃን፣ እመብርሃን» እያለች፣ ከሁሉ ኋላ እየተጎተተች ደረሰች።

ዙሌይካ በሩ ላይ ጠበቀቻት። መታወቂያዋን ተቀብላ ፎርሙን አወጣች።

«ምኑ ነሽ ልበል?»

ራኬብ አሰበች። ስለ ነገ ተነጋግረው አያውቁም።

«አንድ ቡድን ነን» አለች።

«እሱ ፎርሙ ላይ የለም። እጮኛው ነሽ?»

«እሱ ገና አልሰማም እንጂ፣ አዎ።»

ዙሌይካ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ ፎርሙን አስፈርማት ገባች። በሩ ተዘጋ።

ራኬብ ውጭ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች። ከጎኗ አንዲት ሴትዮ የወንድ ጃኬት ታቅፋ በሩን ታያለች። አንድ ነጭ መኪና ከሕንፃው ሥር ወጣ፤ መስኮቱ ጥቁር ነው። ሁለቱም ብድግ አሉ። ውስጡ ማን እንዳለ አይታይም። መኪናው ሲያልፍ ራኬብ ተመልሳ ተቀመጠች።

የፍሬአብ ሰዓት ሃያ ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል።

ስልኳን አውጥታ ከተሞቹን ትቀበያለሽ ለሚለው ጥያቄ «አልቀበልም» የሚለውን ተጫነች። በፓስዎርዱ ገብታ የሱን ተራ ተጫወተች። በምሥራቅ በኩል የጠላት ጦር ተሰብስቧል፤ የሱ ወታደር ጥቂት ነው። ያለውን ዋና ከተማው ዙሪያ አሰለፈችለትና ተራውን ዘጋች። ወዲያው የሷ ተከፈተ። አራቱን ፈረሰኞች ላከችለት። ትንሽ አሰበችና ግንቧ ላይ የቆሙትን ጠባቂዎችም አስነሳች፤ ሁሉንም ወደሱ ድንበር። የራኬብ አገር ውስጥ አንድ ወታደር አልቀረም። ጨርሻለሁ የሚለውን ተጫነች።

ቢሮው ሊዘጋ ሲል በሩ ተከፈተ። ዙሌይካ ቀደመች፤ ከኋላዋ ፍሬአብ ወጣ። ቀበቶውን በእጁ ይዟል። ቁርጭምጭሚቱ ላይ የሚሄድበትን የሚከታተል ጥቁር ነገር ታስሯል፤ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ይላል።

ራኬብን ሲያይ ቆመ። እሷም ቆመች። ሩቅ አልነበሩም፤ ግን ማን እንደሚቀድም ሁለቱም አላወቁም።

«ተራዬ?» አላት በመጨረሻ።

«ተጫወትኩልህ።»

«ከተሞቹን ወሰድሽ?»

«አልወሰድኩም።»

ከዚህ በኋላ ደረቱ ላይ ነበረች። «ለምን አልነገርከኝም?» አለችው ሸሚዙ ውስጥ። «ቀድመህ ብትነግረኝ ጠዋት አብሬህ እገባ ነበር።»

«እንዳትፈሪ ብዬ ነዋ።»

«ብቻዬን ፈራሁ። እሱ ይሻላል?»

ፍሬአብ ይበልጥ አጥብቆ አቀፋት።

ወደ ቤት በፍሪዌይ ተመለሱ። አሁንም ቀስ ብላ ነው የምትነዳው፤ አሁንም ክላክስ ይደረግባታል። ቀጣዩ ቀጠሮው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ያኔ ምን እንደሚሆን ዙሌይካም አታውቅም። አረንጓዴዋ መብራት ከወንበሩ ሥር ብልጭ ትላለች።

የራኬብ ስልክ ጮኸ። ፍሬአብ አንስቶ አየውና ፊቱ ተለወጠ።

«ራኪ... አንቺ ጋ ገብተዋል። ዋና ከተማሽን ያዙት። ወታደሮችሽ የት ሄዱ?»

«አንተ ጋ ናቸው።»

ፍሬአብ ካርታውን ረጅም ጊዜ አየ። ስልኩን ጉልበቱ ላይ ገልብጦ አስቀመጠውና እጁን እጇ ላይ አደረገ።

«ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለችው፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ። «ኬዝህን።»

ከዚያ ጀመረ። እየቆራረጠ ነበር፤ ስለተያዘበት ቀን፣ ስለ ወንድሙ፣ ስላቋረጣቸው ድንበሮች። ለዳኛ ካልሆነ ለሰው ነግሮት አያውቅም። የፌርፋክስ መውጫ ታየ፣ ቀረበ፣ አለፈ።

«አለፍሽው» አላት።

«አውቃለሁ» አለች ራኬብ። «ቀጥል።»