ዝናብ ያልነካው ዱቄት

የቺላምቡ ፏፏቴ ሰው ሲወስድ የመጀመሪያው አይደለም። የገዛ ጠባቂውን ሲወስድ ግን የመጀመሪያው ነበር። መንደሩ ከለቅሶው ወሬውን ያስቀደመውም ለዚህ ነው።

ኢንስፔክተር ንካንዱ ከወረዳው ከተማ ስትደርስ ጠባቂውን ባሺ ሎምቤን ከፏፏቴው ግርጌ ካለው ኩሬ አውጥተው ሰሌን ላይ አጋድመውታል። ንካንዱ ወፍራም ሴት ናት፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ኪሷ ውስጥ የተቆላ ለውዝ አይጠፋም። ከሟቹ አጠገብ ቁጢጥ ለማለት ጊዜ ወሰደባት። ከጆሮው በላይ የተፈነከተ ነገር አለ። እንዲህ ያለውን ቁስል አለትም ያደርገዋል፣ ሰውም ያደርገዋል።

«ወደቀ» አላት የሎጁ ሥራ አስኪያጅ ሲምፉክዌ። ከጀኔሬተሩ ቤት እየሮጠ መጥቶ እጁን በጨርቅ ይጠራርጋል። «የፏፏቴው አናት ላይ ያለው አለት ያንሸራትታል። ለጎብኚው አጥርና ደረጃ እንሥራ ብዬ ለምኜው ነበር። ጥንታውያኑ፣ የፏፏቴው መናፍስት፣ አይወዱትም አለኝ።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«ጠብ አይባልም። እሱ ሲናገር እኔ እሰማለሁ፤ እኔ ስናገር እሱ አይሰማም።»

«መንደርተኛው ከዛፍ ስር ስላለ የዱቄት ቁልል ያወራል፤ ስለሱስ ምን ያውቃሉ?»

«ከሉሳካ ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም፣ እሜቴ። ለወፎች የሚያኖሩት ይመስለኝ ነበር።»

ንካንዱ የሟቹን ሸሚዝ ገለጥ አደረገች። ደረቱ ላይ፣ ከሸሚዙ ስር፣ አንድ ነጭ ጨርቅ በጥንቃቄ ታጥፎ ጫፉ በቀበቶው ተይዟል። አየችው፤ መልሳ ሸፈነችው። ስለ ጨርቁ ለማንም አልተናገረችም።

ወደ ዛፉ የወሰዳት ካሉምባ ነው። የሟቹ የእህት ልጅ ነው፤ በፓርኩ በር ላይ ዘብ ነው። እዚያ አገር ሰው ሲሞት ቤቱም ሹመቱም ለእህት ልጅ ስለሚሆን ከጠዋት ወዲህ አረማመዱ ተለውጧል።

«አጎቴ ከጥንታውያኑ ፈቃድ ሲፈልግ ማታ እዚህ ዱቄት ይቆልላል» አላት። «ጠዋት ቆሞ ካገኘው ፈቅደዋል፤ ወደ ፏፏቴው አናት ይወጣል። ፈርሶ ካገኘው ከልክለዋል፤ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይኸው፣ ቆሟል። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ አልፈረሰም። ከዚህ በላይ ምን ፈቃድ አለ?»

«ተፈቅዶለት ከወጣ ታዲያ ለምን ሞተ?»

«ጥንታውያኑ ፈቅደው ሰው ከሞተ ጥፋቱ ከቤቱ ነው። የሚስቱ እሳት ረክሶ ነበር ማለት ነው። ምድጃዋ ላይ ውሃ ደፍቼበታለሁ። ነገ ከቀብር በኋላ ከዚያ ቤት ትወጣለች።»

«ቤቱ ደግሞ ያንተ ይሆናል።»

«ልማዱን እኔ አላወጣሁትም» አለ ካሉምባ፤ ፊቱ ግን ቀላ።

ንካንዱ ጉልበቷን እየረገመች መሬት ላይ ተቀመጠች። የዛፉ ቅጠል ስስ ነው፤ ዙሪያው ያለው አፈር የዝናብ ጠብታ ወቅሮት ተበሳስቷል። ቁልሉ ግን ልስልስ ብሎ፣ ጫፉ ሹል እንደሆነ፣ አሁን ከእጅ የወረደ ይመስላል። ከዛፉ ስር የተሰለፉት ጉንዳኖች እስከ ዱቄቱ ጠርዝ ይመጡና እየዞሩ ይመለሳሉ። ዱቄት የሚጠላ ጉንዳን አይታ አታውቅም። የሳር አገዳ ነቅላ ወደ ቁልሉ ስትዘረጋ ካሉምባ ጮኸ።

«አይነካም፣ እሜቴ!»

«ተነክቷል» አለችና አገዳውን ወጋችበት። ከላይ ደረቅ ነው፤ ከስር የቦካ ሊጥ መስሎ ተጣብቆ ወጣ። ጎንበስ ብላ አሸተተች። ከቅርንጫፉ ላይ የተንጠለጠለችውን የሟቹን የዱቄት ከረጢትም አሸተተች። ካሉምባ ምን እንደሸተታት ቢጠይቃት «ዱቄት» ብቻ አለችው፤ ይህም ሙሉው እውነት አልነበረም።

ባና ሎምቤ፣ የሟቹ ሚስት፣ ከረጠበው ምድጃዋ አጠገብ ተቀምጣለች። ለቀስተኛው ሁሉ ፈንጠር ብሎ ነው የተቀመጠው፤ ኀዘኗ እንኳ የሚተላለፍ በሽታ ሆኖባታል። ንካንዱ ሄዳ ጎኗ ተቀመጠች። ይህችን ሴት ነገ በዚህ ስም ከቤቷ ሲያስወጧት ማየት አልፈለገችም።

«እሳቴ ንጹህ ነው» አለች ባና ሎምቤ። «ጎረምሳው ውሃ ሲደፋበት አንድ ሰው ተው አላለውም። ቺሻላ እንኳ ዝም አለ።»

«ቺሻላ ማነው?»

«ባለጀልባው። ባሌና እሱ በአንድ ሳህን የንሺማ ገንፎ እየበሉ ነው ያደጉት።»

«ባለቤትዎ ትናንት ጥንታውያኑን ምን ሊጠይቅ ነበር?»

«ስለ ሐይቁ ነው። የቺሻላ ጀልባ ሞተር ያንጠባጥባል። ከሐይቁ ስር የሚፈልቀው ምንጫችን ቤንዚን ቤንዚን አለ፤ ሴቶቹ አማረሩ። ጥንታውያኑ ከፈቀዱ ሞተር ሐይቁ ላይ እንዳይገባ ሊከለክል ነበር። ለራሱ ለቺሻላ ነግሮታል፤ ከእሱ የሚደብቀው ነገር የለውም። ሌሊት ዝናቡ ሲወርድ ተነስቶ ተቀመጠ። ‹ምነው?› ብለው ‹ዱቄቱን እያሰብኩ ነው› አለኝ።»

«ነጩን ጨርቅ የሚያጥብለት ማነው?»

«እኔ ነኛ። ወደ አናቱ ሲወጣ ራሱ ላይ ይጠመጥመዋል። ያለ እሱ እዚያ አለት ላይ እግሩን አያሳርፍም።»

ቺሻላን ያገኘችው ከፏፏቴው በላይ ባለው ሐይቅ ዳር፣ ጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነው። አስከሬኑን ከኩሬው ያወጣው እሱ ነው፤ ልብሱ ገና አልደረቀም። ዓይኑ አብጧል፤ ልቅሶው የእውነት እንደሆነ ንካንዱ አልተጠራጠረችም። ከእግሩ ስር የሐይቁ ውሃ ቀስ እያለ ወደ ፏፏቴው አፍ ይጎተታል።

«ዛሬ ጠዋት አይተውት ነበር?»

«አላየሁትም። በቀጥታ ወጥቶ ነው የሚሆነው።»

«ሞተርዎን ሊያስከለክል ነበር አሉ።»

«ሊጠይቅ ነበር። መጠየቅ ሥራው ነው። ይህን ሐይቅ ከነአባቴ ጀምሮ እናሻግራለን፤ ሌላ የምናውቀው ነገር የለም። እሱም ያውቀዋል።»

ንካንዱ ለውዝ ዘገነችለት። ተቀብሎ ኪሱ ከተተው።

«አይበሉም?»

«በዚህ እጅ ምን ይበላል፣ እሜቴ? ሚስቴ እንኳ የነካሁትን ምግብ አልበላም ትላለች፤ ሁሉ ነገር ቤንዚን ቤንዚን ይላል።»

ከሰዓት በኋላ ንካንዱ ሁሉንም ባና ሎምቤ ግቢ ሰበሰበቻቸው። ሽማግሌዎቹ በርጩማ ላይ፣ ሲምፉክዌ ቆሞ፣ ካሉምባ የወደፊት ቤቱን በር ተደግፎ፣ ቺሻላ መሬት ላይ። ባና ሎምቤ ከምድጃዋ አልተነሳችም።

«ይህች ሴት የተከሰሰችው በአንድ ነገር ነው» አለች ንካንዱ። «ቁልሉ ቆሞ ተገኘ። ቁልሉ ባይቆም ኖሮ ማንም ጣቱን አይቀስርባትም ነበር። ልክ ነኝ?»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲህ ቁልሉ አልቆመም። ዝናቡ ዙሪያውን ያለውን አፈር በሳስቶ ዱቄቱን ብቻ አይዘልም። ስወጋው ከስር ሊጥ ነው፣ ከላይ ደረቅ። ሌሊት ፈርሷል፤ ጠዋት አንድ ሰው ከሟቹ ከረጢት ዱቄት አውጥቶ እላዩ ላይ ሌላ ቁልሏል።»

ግቢው ተንጫጫ። አንዱ ሽማግሌ በርጩማውን ወደ ፊት ሳብ አደረገ።

«ለምን ብሎ?» አለ ካሉምባ።

«ቁልሉ ፈርሶ ከታየ አጎትህ ወደ አናቱ ወጥቶ ወደቀ የሚል ሰው አይኖርማ። እዚህ አገር የተወለደ ሁሉ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ገዳዩ ቁልሉን ማቆም ነበረበት። እዚህ ላይ አቶ ሲምፉክዌ ዳኑ።»

«እኔ?» አለ ሲምፉክዌ። «ተጠርጥሬ ነበር?»

«አዎ፣ ሳያውቁት ብዙ ሰዓት። እርስዎ ቢገድሉት ኖሮ አለት አንሸራተተው ብለው ይተዉት ነበር፤ ዱቄቱ ትዝም አይልዎት። እንዲያ አሹሎ ማቆምም የልጅነት ልምድ ይጠይቃል።»

«ስለዚህ እኔ ነኝ ሊሉ ነው» አለ ካሉምባ። ድምፁ ቀጠነ።

«ስግብግብ ነህ፤ ግን አንተ አይደለህም። ጉንዳኖቹ መሰከሩልህ። ዱቄቱን አልበሉም፤ ቤንዚን ሸትቷቸዋል። እኔም ሸትቶኛል፤ ከረጢቱም እንዲሁ ነው። እዚህ ካላችሁት እጁ ቤንዚን የሚነካ ሁለት ሰው ነው፤ ባለጀኔሬተሩና ባለጀልባው። ባለጀኔሬተሩ የዱቄቱን ነገር አያውቅም።»

ማንም ወደ ቺሻላ ሊዞር አልፈለገም። በመጨረሻ የዞረችው ባና ሎምቤ ናት።

«ሐሰት ነው» አለ ቺሻላ። «ወንድሜን? አሥር ጊዜ ሞተሬን ይከልክለኝ እንጂ…»

ንካንዱ ከሟቹ ደረት የወሰደችውን ነጭ ጨርቅ ከቦርሳዋ አወጣች፤ አሁንም እንደታጠፈ ነው።

«ባና ሎምቤ፣ ጥንታውያኑ ሲከለክሉት ይህን ምን ያደርገዋል?»

«አጥፎ ጉያው ይከተዋል» አለች ባና ሎምቤ። «እምቢ አሉ ማለት ነው።»

«ደረቱ ላይ ያገኘሁት እንዲህ ሆኖ ነው። ባሺ ሎምቤ ጠዋት ሄዶ ቁልሉን ፈርሶ አየው። ጨርቁን አጠፈ። ወደ አናቱ አልወጣም። ወደ ቤቱም አልተመለሰም። ወዴት ሄደ፣ ቺሻላ? ቁልሉ ምን እንደተጠየቀበት ያውቃሉ። ሞተርዎ ይከልከል ወይ ነው የተባለው። ጥንታውያኑ አይከልከል ብለው መለሱ። ይህን ለማን ሊነግር ሄደ?»

ቺሻላ አጎነበሰ። እጆቹን ያያቸዋል።

«እየሳቀ መጣ» አለ ኋላ። «ከሩቅ ጀምሮ እየሳቀ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፤ እሱ ግን ይስቃል። ፈቀዱለት፣ በእኔ ላይ እየሳቀ ነው ብዬ… እጁን ጉያው ሲከት መቅዘፊያው እጄ ላይ ነበር። መታሁት፤ ውሃው ወሰደው። ከዚያ ዛፉ ጋ ስሄድ…»

«ፈርሶ አገኙት» አለች ንካንዱ።

«ፈርሶ አገኘሁት።» ተንሰቀሰቀ። «በገዛ እጄ መልሼ አቆምኩት።»

ባና ሎምቤ ከምድጃው ተነስታ ፊቱ ቆመች። ትሰድበዋለች፣ ትተፋበታለች ብለው ጠበቁ።

«ደስ የሚል ነገር ሊናገር ሲል መጀመሪያ መሳቅ ልማዱ ነው» አለችው። «ከልጅነታችሁ ጀምሮ። ይህን ከእኔ በፊት አንተ ነህ የምታውቀው፣ ቺሻላ።»

ከንካንዱ ጋር የመጡት ፖሊሶች ቺሻላን ሲያነሱት ለውዙ ከኪሱ መሬት ላይ ፈሰሰ።

ሰው ሲበተን ካሉምባ በሩ ላይ ቀረ። ጥቂት ቆይቶ ደረቅ እንጨት ሰብስቦ መጣ፤ ከረጠበው ምድጃ ፊት ተንበርክኮ አመዱን ጠረገ፤ ከጎረቤት ፍም ለመነ። እሳቱ እስኪያያዝ አጎንብሶ እፍ አለበት። ባና ሎምቤ ከላይ ሆና ስታየው ቆየች።

«ጭሱ በዛ» አለችው። «እንጨቱን ገለጥ አድርገው፣ ልጄ።»