የጋሼ መሳቢያ መነጽር

መርማሪዋ ስትደርስ ሟቹ በምድር ቤቱ ደረጃ ሥር በጀርባው ተጋድሞ ነበር። አንድ ሰው ፊቱ ላይ ሹራብ ጣል አድርጎለታል። ኮቱ ተከፍቶ ከውስጥ የለበሰው አዲስ ካናቴራ ይታያል። ካናቴራው ላይ በደማቅ ቀለም «እኔም እችላለሁ!» ተብሎ ተጽፏል።

የዚያን ቀን ያንን ካናቴራ ያልለበሰ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ አልነበረም። አዲሱ የኮምፒውተር ሲስተም የሚመረቅበት ቀን ነው። ሠራተኛው ሲስተሙን እንደ እንጀራ እናት እያየ ስላስቸገረ፣ ዳይሬክተሩ ስሜት ለማነቃቃት ያልሞከረው ነገር የለም። ካናቴራ አሳትሟል፣ የጥያቄና መልስ ውድድር አዘጋጅቷል፣ ፊኛ አሰቅሏል። ዋናው ዘዴው ግን ሌላ ነበር። በእንግዶች ፊት የመጀመሪያውን መጽሐፍ ሲስተሙ ላይ የሚመዘግበው በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጠው ሠራተኛ እንዲሆን ወሰነ። እሱ ከቻለ ማን ደፍሮ አልችልም ይላል?

አሁን ደረጃ ሥር የተጋደመው እንግዲህ ያ ሠራተኛ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የመጻሕፍት ካርድ የሚቀመጥባቸውን መሳቢያዎች ሲጠብቅ ስለኖረ «ጋሼ መሳቢያ» ይሉታል። ከላይ አዳራሹ ውስጥ ፊኛዎቹ እንደተሰቀሉ ናቸው። ሰው ሲሞት ፊኛ ማውረድ የማን ሥራ እንደሆነ የሚያውቅ አልተገኘም።

መርማሪዋ ሞላ ያለች፣ አንድ ጉልበቷ የማይታዘዝላት ሴት ናት። ደረጃውን የወረደችው በጎን በጎን፣ መደገፊያውን ብረት በሁለት እጇ ይዛ ነው። ታች ስትደርስ የዕቃ ግምጃ ቤቱ በር ተከፍቶ፣ መብራቱም በርቶ አገኘችው።

«ማን ነው መጀመሪያ ያገኛቸው?»

«ሁላችንም ነን» አለ ዳይሬክተሩ። መውረድ አቅቶት ደረጃው መሐል ላይ ቆሟል። «እንግዶቹ ተቀምጠዋል፤ በማይክሮፎን ጠራኋቸው፣ የሉም። ደግሜ ጠራኋቸው፣ የሉም። ከዚያ ከታች አንድ ነገር ዷ ሲል ሰማን። ስንሮጥ በደረታቸው ተደፍተው፣ ኪቦርድ ከሥራቸው ነበር።»

«ማን አገላበጣቸው?»

«እኔ» አለ ሲስተሙን የተከለው ወጣት ባለሙያ። «ትንፋሽ ካላቸው ብዬ ነው። ይኸው ኪቦርዱ። ይዩት፣ ቁልፎቹ ላይ ወረቀት ለጣጥፈው አበላሽተውታል። ከአዳራሹ ሰርቀው ሊደብቁት ሲወርዱ ነው የወደቁት።»

«ለምን ይደብቁታል?»

«ሲስተሙን ይጠሉት ነበራ! በስብሰባ ላይ ‹መብራት ሲጠፋ መሳቢያ አይጠፋም› ያሉ ሰው ናቸው።»

«ሌላ የነካቸው አለ?»

ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው የንባብ አዳራሹ ተቆጣጣሪ፣ የሟቹ የዘመናት ባልደረባ ነው። ቀኑን ሙሉ ከአፉ ሌላ ቃል ስለማይወጣ «ዝም በሉ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ዓይኑን የከደነውና ሹራቡን ጣል ያደረገው እሱ ነው። ሁለተኛዋ የሟቹ ልጅ ናት። እዚያው ቤት መጽሐፍ የማዋስ ሥራ ላይ ነች፤ ሲስተሙን ቶሎ ስለተማረች ሌላውን እንድታሠለጥን ተመርጣለች። አባቷን አቅፋ ስታለቅስ በግድ ነው ያላቀቋት። አሁን ግድግዳ ተደግፋ የጫማዋን ጫፍ ታያለች።

መርማሪዋ እያቃሰተች ጎንበስ አለች። የኮቱ የደረት ኪስ ሰማያዊ ቀለም ጠጥቷል። ውስጡ ሁለት ነገር ነበር፤ አንዱ ለሁለት የተሰበረ እስክሪብቶ፣ ሌላው ተጣጥፎ የተቀመጠ የንባብ መነጽር። መነጽሩን ዘርግታ ወደ መብራቱ አነሣችው። ጠርዙን ቀለም ነካ አድርጎታል እንጂ መስተዋቱ ጭረት እንኳ የለበትም። መልሳ ልታጥፈው ስትል ጆሮ ላይ የሚያርፈው ቀኝ ክንዱ ተነቅሎ መዳፏ ላይ ቀረ። በክር የታሰረ አሮጌ ነገር ነው። ገጣጥማ በመሐረብ ጠቀለለችው።

ወደ ላይ ስትወጣ መጀመሪያ የሄደችው አዳራሹን ለማየት ነው። ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ እየዞረች አየች። ኪቦርድ የጎደለው አንድም አልነበረም።

ከዚያ የዳይሬክተሩን ቢሮ ተውሳ ሰዎቹን በተራ አስጠራች። ባለሙያው ቀደመ።

«ጠዋት ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«ጥል አይባልም» አለ፤ ጆሮው ቀላ። «ገመድ እየዘረጋሁ ነው፤ እሳቸው መነጽሬ ጠፋ እያሉ በእግሬ መሐል ይፈልጋሉ። ‹ዛሬ እንኳ ዞር ይበሉልኝ› አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ሰው ሰምቷል። ግን እጄን አላነሣሁባቸውም፣ ኢንስፔክተር። አባቴ ይሆናሉ።»

«መነጽራቸው ጠፍቶ ነበር?»

«ከቤት ከወጡ ጀምሮ አላገኙትም።»

«ለምረቃው በተደረገው ልምምድ ጊዜስ እንዴት ነበሩ?»

«ማውሱን አነሡና እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት ስክሪኑ ላይ ጠቆሙበት። ሳቅን።»

«ማን ማን ሳቀ?»

«ከዝም በሉ በቀር ሁላችንም። ዳይሬክተሩም። ልጃቸውም ጭምር።» አንገቱን ደፋ። «አሁን ሳስበው ደስ አይልም።»

ዝም በሉ ገብቶ ሲቀመጥ ወንበሩ እንዳይጮህ ተጠንቅቆ ነው።

«ሟቹ ሲጠሩ እርስዎም አዳራሽ ውስጥ አልታዩም። የት ነበሩ?»

«ሽንት ቤት።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ?»

«ሆዴን አሞኝ ነበር።»

«ሲስተሙን እርስዎም አይወዱትም ይባላል።»

«ሣጥን ነው» አለ፤ ግን እንደ ወትሮው አፉን ሞልቶ አላለውም። መርማሪዋ ጉልበቶቹን አየች፤ ሱሪው እዚያ ላይ አቧራ ነክቷል። ከእጅጌው ጫፍ ደግሞ ነጭ ወረቀት ተጣብቆ ቀርቷል። መጽሐፍ ጀርባ ላይ ቁጥር የሚጻፍበት ዓይነት መለጠፊያ ነው። ማየቷን ሲያይ ላጠውና በጣቱ መሐል አንከባለለው።

«ስለ ኪቦርዱ ምን እያሉ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«ሰርቀው ነው ይላሉ።»

የዝም በሉ ዓይን እንባ አቀረረ።

የሟቹ ልጅ መጨረሻ ገባች።

«እናትሽ አሉ?»

«ሞታለች። እኔና አባዬ ብቻ ነን።»

«አባትሽ መነጽራቸውን የት ነበር የሚያደርጉት?»

«ግንባሩ ላይ። እዚያው ሰቅሎት ቤቱን ሁሉ ይፈልገዋል» አለችና ሳቅ ሊያመልጣት ሲል አፏን በእጇ ያዘች።

«ዛሬ ጠዋት ጠፍቷቸው ነበር አሉ።»

«አላውቅም።»

«ሌባ ናቸው ሲባል ምን ተሰማሽ?»

«ምንም አላልኩም።»

«ምን አልሽ አላልኩሽም፣ ልጄ። ምን ተሰማሽ ነው ያልኩሽ።»

የልጅቷ ፊት እንደ በርበሬ ቀላ፤ ሐዘን ብቻውን እንዲህ አያቀላም።

ወጥታ ስትሄድ ዳይሬክተሩ እየተጣደፈ ገባ። «ኢንስፔክተር፣ ሠራተኛው በሙሉ ንባብ አዳራሽ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ንብረት ይዘው ሲወርዱ አደጋ ደረሰባቸው ብዬ ልገላገል። አለዚያ ሲስተሙ ሰው ገደለ ብለው ከነገ ጀምሮ ማንም አይነካውም። የደከምኩበት ሁሉ ገደል ይገባል።»

«እርግጠኛ ሳይሆኑ የሞተ ሰው ሌባ ሊሉ?»

ዳይሬክተሩ ካናቴራውን ቁልቁል አየና ኮቱን ቆለፈበት።

«ይልቅ ሦስቱንም ይጥሩልኝ» አለችው።

ሲሰበሰቡ መርማሪዋ ኪቦርዱንና መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች።

«ማንም አልገፋቸውም» ብላ ጀመረች። «ግን አንድ ሰው ዋሽቷል፤ ሌላው ዝም ብሏል። በኪቦርዱ እንጀምር። ከላይ የጎደለ ኪቦርድ የለም፤ አይቻለሁ። ታች ደግሞ ግምጃ ቤቱ ተከፍቷል፣ መብራቱ በርቷል። ስለዚህ ኪቦርዱ የመጣው ከታች ነው። ሟቹ ይዘውት ሲወርዱ ሳይሆን ሲወጡ ነው የወደቁት። ለመሆኑ ሊደብቅ የፈለገ ሰው ዕቃውን ወደ እንግዶች ያመጣል?»

«ታዲያ ወረቀቱስ?» አለ ባለሙያው።

«አንብበው።»

ባለሙያው ቀረብ አለ። በየቁልፉ ላይ የመጽሐፍ መለጠፊያ ተቆርጦ ተጣብቋል፤ በየወረቀቱ ላይ አንድ አንድ ፊደል አለ፤ በጥቁር ቀለም፣ ቁልፉን እስኪሞላ ጎልቶ የተጻፈ።

«ማበላሸት አይደለም» አለች መርማሪዋ። «ዓይኑ የደከመ ሰው ያለ መነጽር እንዲያነበው ነው። የሚጻፈው ለእንግዶቹ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ በትልቁ ስለሚታይ ስክሪኑ አላሳሰባቸውም። የቸገራቸው ቁልፉ ነበር። መነጽራቸው ሲጠፋ ሲለማመዱበት የከረሙትን ኪቦርድ ሊያመጡ ወረዱ። ሲመለሱ ሁለት እጃቸው ተይዟል፤ መደገፊያውን መጨበጥ አልቻሉም። የደረጃው ጠርዝም አልታያቸውም። እኔ በሁለት እጄ ይዤ እንኳ ፈርቼዋለሁ።»

ልጅቷ ዓይኗን ከፊደሎቹ ላይ መንቀል አቃታት። የአባቷ የእጅ ጽሑፍ ነው።

«ግን መነጽሩ ኪሳቸው ውስጥ ተገኝቷል እኮ» አለ ዳይሬክተሩ።

«እሱ ነው ነገሩ። በደረታቸው ኪቦርዱ ላይ ነው የተደፉት። በዚያው ኪስ ውስጥ የነበረው እስክሪብቶ ለሁለት ተሰብሯል፤ መስተዋቱ ግን ጭረት የለበትም። መነጽሩ ኪሳቸው የገባው ከወደቁ በኋላ ነው። እስቲ ዘርጉና አጥፋችሁ ተቀባበሉልኝ።»

ዳይሬክተሩ ተቀብሎ ሲያጥፈው ቀኝ ክንዱ ተነቀለ። አፍሮ ገጣጠመውና ለባለሙያው ሰጠው። የባለሙያውም እጅ ላይ ተነቀለ። ዝም በሉ ገና ሲነካው ወለቀበት፤ መልሶ ገጠመው። ከዚያ ልጅቷ ጋ ደረሰ። ዓይኗ ኪቦርዱ ላይ እንደሆነ ዘረጋችው፤ ግራውን መጀመሪያ አጠፈች፤ ክሩን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ቀኙን አስከተለች። መነጽሩ ድምፅ ሳያሰማ ተጣጠፈ።

ሁሉም እጇን አዩ። እሷም አየችው።

«እኔም ሳገኘው እንዲሁ ተጣጥፎ ነበር» አለች መርማሪዋ በለስላሳ ድምፅ። «አብሯቸው የኖረ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚያጥፈው።»

«አፈርኩበት» አለች ልጅቷ። «በልምምዱ ጊዜ ሲስቁበት እኔም ሳቅሁ። ቀና ብሎ አየኝ። ዛሬ ደግሞ በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት እንደዚያ ሊሆን ነው። መነጽሩ ከጠፋ ‹አይታየኝም› ብሎ ይተወዋል፣ እኔ እተካዋለሁ ብዬ ከትራሱ አጠገብ አንሥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሳቅፈው ነው ኪሱ ውስጥ የመለስኩት። መነጽሩ የት ሄደ እንዳይባል።»

«ሌባ ነው ሲሉስ?» አለ ዝም በሉ።

«ዝም አልኩ። ተከራክሬ ኪቦርዱን ለምን ፈለገው ቢባል፣ የመነጽሩ ነገር ይነሣል። አባዬን ሌባ ሲሉት ቆሜ ሰማሁ።»

«እርስዎስ?» አለችው መርማሪዋ ዝም በሉን። «ያ መለጠፊያ እጅጌዎ ላይ ምን ይሠራል? ሱሪዎስ ሽንት ቤት ነው ጉልበቱ ላይ አቧራ የነካው?»

ሽማግሌው ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከተጣለ ዕቃ መሐል አንድ ኮምፒውተር አስነሥተን ግምጃ ቤት እንለማመድ ነበር። እሱ ብቻ አይደለም፣ እኔም! ሣጥን እያልኩ በየስብሰባው ስሰድበው የከረምኩትን። ሲጠራ እኔ መድረኩ ላይ፣ ጨርቅ የለበሰው ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ ነበር፤ ኪቦርዱን ሲያመጣ የሚሰካበትን በመለጠፊያ ምልክት አድርጌ ላመቻችለት። ይህንን ብናገር መሳቂያ እሆናለሁ ብዬ አፌን ያዝኩ። ጓደኛዬን አሰደብኩት።»

«ለምን ሌላ ሰው ይሥራው አላሏቸውም?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ብዬዋለሁ! ጠዋት መነጽሩ ሲጠፋ ‹ይቅርብህ› አልኩት።» ወደ ልጅቷ ዞረ፤ ሊለው አልፈለገም፣ ግን አለው። «‹አይሆንም፤ ልጄ በኔ አፍራለች፤ ዛሬ ቀና ብላ እንድትሄድ አደርጋለሁ› አለኝ።»

ልጅቷ አላለቀሰችም። መነጽሩን በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። ባለሙያው ወደ መስኮቱ ዞረ። ዳይሬክተሩ የሚያየው ቦታ አጥቶ የኮቱን ቁልፍ ሲያሻሽ ቆየ። ከአራቱ መሐል በልምምዱ ዕለት ያልሳቀ ዝም በሉ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ቀና አላለም።

«እኔ ለአለቆቼ ያየሁትን እጽፋለሁ» አለች መርማሪዋ በመጨረሻ። «መነጽር መደበቅ በሕግ ምን እንደሚባል እነሱ ይወስኑ።»

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ለሠራተኛው በቃ አደጋ ነው እላለሁ። የመነጽሩ ነገር እዚሁ ይቅር። ለሷም ይሻላል።»

«አይቀርም» አለች ልጅቷ። «ሌባ መባሉን ሰምተዋል። አደጋ ነው ቢሏቸውም ሌባ ሆኖ ይቀራል።» ኪቦርዱን ከጠረጴዛው አንሥታ ታቀፈችውና ወጣች። ሌሎቹም ተከተሏት።

ንባብ አዳራሹ በካናቴራ ለባሾች ተሞልቶ ያጉረመርማል። ዝም በሉ በሩ ላይ ሲታይ እንደ ልማዱ ሊገሥጻቸው ነው ብለው ጸጥ አሉ። ልጅቷ ፊታቸው ቆመች። አንድ ነገር ተናገረች፤ ከፊት ወንበር የተቀመጡት እንኳ አልሰሙትም።

ዝም በሉ ወደ ጎኗ መጥቶ ቆመ።

«ጮክ በይ፣ ልጄ» አላት። «እዚህ ቤት ጮክ ብለሽ ተናገሪ።»

«አባቴ ሌባ አይደለም» አለች፤ ድምፅዋ አሁን እስከ መጨረሻው መደርደሪያ ደረሰ። «መነጽሩን የደበቅሁት እኔ ነኝ።»