ቀኙንም ለኪው

የሰፈሩ ሰው «እጀ ወርቅ» ነው የሚለው። መቀሱን ሲያነሳ የሚያለቅስ ሕፃን ዝም ይላል፣ ሽማግሌው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። ይህ ፀጉር ቆራጭ አፍንጫው እየደማ፣ ኩላሊቱም እየደከመ ሆስፒታል ሲገባ ሐኪሟ ለእሱና ለሚስቱ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ሰውነቱን ሊጠብቅ የተፈጠረው ኃይል ተሳስቶ የገዛ ደም ሥሮቹን፣ በተለይም ትንንሾቹን እያጠቃ ነበር። «አዲስ ነገር ካያችሁ፣ የትም ቦታ ይሁን፣ ንገሩኝ» አለቻቸው።

ባልና ሚስት ከዚህ ሁሉ ይዘው የወጡት ግን «ትንንሾቹን» የምትለዋን ብቻ ነበር።

መድኃኒቱ ተስማማውና ወደ ሥራው ተመለሰ። ከጥቂት ወራት በኋላ ቀኝ ክንዱን ወደ ላይ ሲያነሳ ይዝልበት ጀመር። ግማሽ ራስ ቆርጦ ያርፋል። «የአንተ ራስ ማሳው ሰፊ ነው፣ በሬው ደከመ!» እያለ ደንበኛውን ያስቃል። ሚስቱ ግን እጁን ስትይዘው ይቀዘቅዛታል።

«ለሐኪሟ እንንገራት እንጂ» አለችው።

«ምን ብለን? በሽታው የትንንሽ ደም ሥር ነው ተብለናል። ይሄ ደግሞ ሙሉ ክንድ ነው! የሥራ ድካም ነው፣ ተይኝ እባክሽ።»

ተወችው። መስማት የምትፈልገውም ይህንኑ ነበርና።

ክፋቱ ደግሞ ክትትል ሲሄድ የሠራው ብልሃት ነው። የደም ግፊቱ በቀኝ ክንዱ ሲለካ ቁጥሩ በጣም ዝቅ ይላል። ነርሷ ግራ ተጋብታ ደግማ ልትለካ ስትል፣ ደንበኞቹ እየጠበቁት ነውና ይቸኩላል። ከዚያ ወዲህ ገና ሳይቀመጥ የግራ እጅጌውን ይሰበስባል። «በዚህ ለኪኝ ልጄ፣ ቀኙ ሰነፍ ነው!» ግራው መልካም ቁጥር ይሰጣል። ሚስቱም አጠገቡ ቆማ ትስቃለች። ወይ ሳቅ!

አንድ ቀን ጠዋት መቀሱ ከእጁ ወደቀ። ጣቶቹ ጠቁረው ነበር። ሐኪሟ የቀኝ እጁን ትርታ ብትፈልግ፣ ብትፈልግ አጣችው።

«ትንንሾቹን ነው አላሉንም ነበር ዶክተር?» አለች ሚስቱ።

«የሚያዘወትረው እነሱን ነው። ትልቁን የሚነካው ከስንት አንዴ ነው፤ አይነካም ግን አላልኩም። ወደ ክንዱ የሚሄደው ትልቁ ደም ሥር ተዘግቷል። የሁለቱ ክንዶች ግፊት መለያየቱን አይተን ቢሆን ኖሮ ቀድመን እንደርስበት ነበር።»

ሐኪሞቹ ደም ሥሩን ሊከፍቱት ሞከሩ፣ አልሆነም። ክንዱ እንደምንም ተረፈ፤ መቀስ የሚይዙት ጣቶቹ ግን ጫፋቸው ተቆረጠ። ከሆስፒታል ሲወጣ ሱቁ ገብቶ ደንበኞቹ በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። «አሁን እኔ ምን ልሁን?» አላት በመስታወቱ ውስጥ እያያት። እሷ የማይቆርጥበትን መቀስ ስትወለውል ዋለች።

በቀጠሮው ቀን ነርሷ ፊት ሲቀመጥ፣ ልማድ ሆኖበት ግራውን ዘረጋ። ሚስቱ ጎንበስ ብላ የቀኝ እጅጌውን ቁልፍ ፈታች።

«ቀኙንም ለኪው ልጄ።» ከዚያ ወደ ተራ ጠባቂዎቹ ዞረች። «የእኛ ነገር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆኗል። እናንተ ግን ስለ እግዜር ደህናውን ብቻ አታሳዩ። እዚህ የምንመጣው የታመመውን ልናሳይ አይደለም እንዴ?»

መለኪያው በቀኝ ክንዱ ላይ ተነፋ፣ ደግሞም ተነፋ። ቁጥር ግን አላወጣም።