ሰም ያልነካው ሽፋን

ኩባያው መጨስ ሲጀምር ሽቦ የሚሏት ልጅ መጀመሪያ የጠረጠረችው የአክስቷን የሥራ ቤት ጎረቤት ነበር። ግድግዳ የሚጋራቸው በያጅ ነውና ከእሱ በኩል ጭስ ቢመጣ አዲስ ነገር አይደለም። ጭሱ ግን የሚወጣው ከገዛ እጇ ነበር። ሬዚን በሚባለው ፈሳሽ ሙጫ ላይ ማድረቂያውን ጠብ ጠብ ማድረግ ሲገባት፣ ቶሎ እንዲደርቅላት ብላ ግማሽ ጠርሙስ ገልብጣበታለች። ኩባያውን ወለሉ ላይ ጥላ ወደ ኋላ ዘለለች። ብሩሹ መካከሉ ላይ እንደ ጅብራ ተገትሮ ቀረ፤ ብትነቀንቀው፣ ብትጎትተው፣ ብትለምነው ወይ ፍንክች።

ጉዳዩ የተጀመረው በአንዲት ቃል ነው። አክስቷ መለዋወጫቸው ከገበያ ለጠፋ አሮጌ ሞተር ሳይክሎች ከፋይበር ግላስ የጎን ሽፋን ትሠራለች፤ ቢወድቅ የማይሰበር፣ ቢዘንብበት የማይዝግ። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ የእጅ ሥራ ትምህርት ውጤት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሽቦ ከመደርደሪያው አንድ የግራ ሽፋን አንስታ ትምህርት ቤት ይዛ ሄደች። መምህሩ አገላብጦ አየው፣ በጣቱ አንኳኳው፣ ራሷ ሠርታው እንደሆነም ጠየቃት። «አዎ» አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ውሸት ማርክ እንደሚያመጣ ታውቃለች፤ ሥራ እንደሚያመጣ ግን ማንም አልነገራትም። መምህሩ በዕድሜ የምትበልጠው ሞተር አለችው። የቀኝ ሽፋኗ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ምትኩን ሲያፈላልግ ስድስት ዓመት አልፎታል። እዚያው የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ተንበርክኮ ብሎኖቹን ፈታና ሽፋኑን እንደ አራስ ልጅ አሳቀፋት። ከዚያ እጇን መረቀላት። ሽቦ ምንም ያልሠራ እጅ ሲመረቅ ያን ቀን አየች።

ለአክስቷ መናገር የማይታሰብ ነው። አክስቷ የጠፋውን የግራ ሽፋን በያጁ እንደወሰደው ካመነች ሁለት ሳምንት ሆኗታል፤ ሰላምታ ነሥታዋለች። ኃጢአቱን የማያውቀው በያጅ ደግሞ ጆሮዋን ያመማት መስሎት በየቀኑ ድምፁን ጨምሮ ሰላም ይላታል።

ስለዚህ ሽቦ አክስቷ ዕቃ ልታደርስ የምትወጣበትን ቅዳሜ ጠብቃ ብቻዋን ገባችበት። ከጭሱ በኋላም ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ ሁለተኛ ኩባያ በጠበጠች፤ አሁን ማድረቂያውን በጠብታ ለካች። ቅርጽ ማውጫ እንዲሆናት የመምህሩን ሽፋን ሬዚን ቀባችው፣ የመስታወት ክር ጨርቁን አለበሰችው፣ ደግሞ ቀባችው፤ ሦስት ድርብ። ሲመሽ ደቃቁ የመስታወት እሾህ እስከ ክርኗ ገብቶ ያሳክካት ነበር። በበሩ መቃን ላይ እንደ ጥጃ እየታከከች ሥራዋን በኩራት ተመለከተች።

እሑድ ማላቀቅ ነው። ሽብልቅ እንጨት አስገባች፤ አልተላቀቀም። የፈላ ውሃ አፈሰሰችበት፤ ሞቀው እንጂ አልተላቀቀም። መሬት ላይ አስተኝታ በሁለት እግሯ ስትገፋው አክስቷ በሩ ላይ ቆማ ታያለች።

«ሰም ቀብተሽው ነበር?»

ሽቦ አክስቷ ሰም ስትቀባ ሺህ ጊዜ አይታለች። ሬዚኑ ቅርጽ ማውጫውን እንዳይነክስ መሆኑን ግን አልጠየቀችም፤ እንዲያብረቀርቅ ይመስላት ነበር።

«አልቀባሁም።»

«እንግዲያው ተጋብተዋል» አለች አክስቷ። «እኔ ደግሞ አላፋታም።»

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ወጣ፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተምታታ፤ መምህሩ ከሽፋኑ በፊት፣ ሽፋኑ ከውሸቱ በፊት። አክስቷ ሳታቋርጥ ሰማች። የግራው ሽፋን ላይ ሲደረስ ወደ በያጁ ግድግዳ ዞረች።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰውየውን ፊት ነሣሁት» አለች። «አሁን ምን ብዬ ልጀምረው?»

በርጩማ ላይ ወጥታ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ የቀኝ ሽፋን አወረደችና አቧራውን እፍ አለችለት። የዚያችው የመምህሩ ሞተር ዓይነት ነው፤ ልክ ያው። ብትጠይቃት ኖሮ ቀድሞም እዚያው ነበር።

«ውሰጂለት» አለቻት። «ሽፋን ነው የጠየቀሽ፤ ታሪክ አልጠየቀሽም።» ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ አፏን ሁለት ጊዜ ከፍታ ዘግታ፣ ወደ በያጁ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት አራቱም ብሎን ልክ ገባ። መምህሩ ራቅ ብሎ አየው፣ ቀረብ ብሎ አየው፣ ጥንካሬውን ሊፈትን በጫማው ጫፍ መታው፤ ጫማው ተጎዳ። «አይ እጅ!» አለ። ከዚያም ረቡዕ ለክፍሉ በሙሉ አሠራሩን እንደምታሳይ፣ ለርዕሰ መምህሩም እንደነገራቸው አበሠራት።

የተጋቡት ሁለቱ ሽፋኖች ቦርሳዋ ውስጥ ትከሻዋን ይጎትቷታል። ለምን እንዳመጣቻቸው ራሷም አታውቅም። መንገድ ላይ ልትጥላቸው አስባ ሦስት የቆሻሻ ገንዳ አልፋለች። አሁንም እሺ ማለት ትችላለች። አንዲት ቃል ናት፤ አፏም ለምዷታል።

ዚፑን ከፈተችና ያንን ጎባጣ ነገር አውጥታ ኮርቻው ላይ አስቀመጠችው።

«ቲቸር፣ እኔ የሠራሁት ይሄን ነው።»

መምህሩ አነሣው። በውስጥ በኩል የስድስት ዓመት ወዳጁን፣ ስንጥቁን አወቀው። በእጁ ሊያላቅቅ ሞከረ፤ በጉልበቱ ደግፎ ሞከረ። ፊቱ ቀላ።

«ጠንካራ ነው» አለ በመጨረሻ። ቀጥሎ አዲሱን ሽፋን አየ፤ እሷን አየ። «የግራውስ?»

ሽቦ ቦርሳዋን መሬት ላይ አኑራ ከሞተሯ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የግራው ታሪክ ትንሽ ይረዝማል።