የሴሊካዋ ድምፅ

«እህቴ የመኪናዋን ካርቡራተር ፈትታ በታተነችው» አለ ሳቢር። «እኔ ጋራዥ ውዬ ስመለስ የሆነች ዕቃ ጠፍታባታለች። ታዲያ ጎረቤታችን በላይ መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ በምን ላስነሳት? ወላሂ እኔም አንጀቴ ነው ያረረው።»

አርዋ የውሃ ጆጉን እንደያዘች የቅሬው ዳስ መግቢያ ላይ ደርቃ ቀረች። የሰፈሩ እድር፣ ቅሬው፣ ሲሰበሰብ ውሃ የሚያድሉት የሰፈሩ ልጆች ናቸው፤ የዛሬው ተራ የእሷ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ደግሞ እዚያ መሃል ቆሞ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ሽማግሌውም ጎረምሳውም ሁሉ በተቀመጠበት፣ ዓይኑን ሳያሽ በእሷ ላይ ይዋሻል።

ካርቡራተሩን መፍታቱንስ ፈትታዋለች። ግን የዛሬ ወር ገደማ፣ ራሱ ሳቢር አጠገቧ ቁጭ ብሎ እያየ። በቤንዚን አጥባ፣ ንፁህ ጨርቅ ላይ ደርድራ፣ አንዲት ቡሎን ሳትጎድል መልሳ ገጥማዋለች። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ የሚኖረውን ፍጥነት፣ መካኒኮች ሚኒሞ የሚሉትን፣ በካቻቢቴ ያስተካከለችውም እሷ ናት። «ማሻአላህ! እጅሽ ከእኔ ይሻላል» ያላት ማን ሆነና ነው?

የሆነው እንዲህ ነበር። ባለፈው ሐሙስ የጎረቤታቸው የበላይ ሚስት ሐረግ ምጥ ያዛት። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ ባጃጆቹ ወደ ሰፈሩ የሚያስገባውን ጭቃ ፈርተው አንመጣም አሉ፤ አምቡላንሱም ሌላ ሰው ሊያመጣ ገጠር ወጥቶ ነበር። በላይ እየሮጠ ወደ እነአርዋ ቤት መጣ፤ ባዶ እጁንም ተመለሰ። ሐረግን በቅሬው ቃሬዛ ተሸክመው ሲወጡ ልጇ መንገድ ላይ፣ ሴቶቹ ጋቢ ዘርግተው በከለሉት ቦታ፣ ዝናብ እየወረደበት ተወለደ። ልጁ ደህና ነው። እሷ ግን ብዙ ደም ስለፈሰሳት እስከ ዛሬ መካነ ሰላም ሆስፒታል ተኝታለች። አርዋ ያን ቀን ትምህርት ቤት ነበረች። ማታ ስትጠይቀው ሳቢር «እኔም እኮ አልነበርኩም» ብሏት አምናው ነበር።

የቅሬው ዳኛ ሼህ ሃሩን ጺማቸውን አሻሹ። ከዚያ መኪናዋ ከተበላሸች ሳቢር ላይ ጥፋት እንደሌለበት፣ ቅጣትም እንደማይጣልበት ተናገሩ። «ልጅቱን ግን ምከሯት» አሉ ወደ እናቷ ወደ አስያ ዞረው። «ከእንግዲህ መኪናዋን እንዳትነካ። ትምህርቷን ትያዝ።»

«ካቻቢቴውን ቀምታችሁ እስክሪብቶ ስጧት!» አለ አንዱ ከኋላ። ሰው ሳቀ። ሳቢርም አብሮ ፈገግ አለ።

አርዋ ጆጉን መሬት ላይ አስቀምጣ ወጣች። ከመናደዷ የተነሳ ጆጉን ሳቢር ፊት ላይ ልትወረውረው ምንም አልቀራትም ነበር።

ሴሊካዋ ግቢያቸው ውስጥ በሸራ ተሸፍና ቆማለች። ቀይ፣ ባለ ሁለት በር የድሮ ቶዮታ ናት፤ በዕድሜ ከሳቢር ትበልጣለች። አባታቸው ይማም የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው፤ መኪናዋን ደሴ ካገኘው አንድ ሽማግሌ ገዝቶ ሲያመጣት «የሁለታችሁ ናት» ብሏቸዋል። አንድ ነገር ግን አስጠንቅቋል፤ ታንከሯ ውስጥ ምንጊዜም ሆስፒታል አድርሶ የሚመልስ ቤንዚን እንዲቀር። ሰፈሩ ውስጥ ሌላ መኪና የለማ! እዚህ ሰፈር መኪና ያለው ሰው፣ ሲታመሙም ሆነ ሲያምጡ፣ ቅሬው ሲጠራው ይነሳል። ከሰፈሩ ሕፃናት ግማሾቹ ክትባት የሄዱት በእሷ ነው።

ሳቢር ኮምቦልቻ ጋራዥ ሠርቶ ሲመለስ ነው ሌላ ሐሳብ የያዘው። የድሮ የጃፓን መኪኖች ዙር ሠርተው የሚወዳደሩበት ውድድር አዲስ አበባ አካባቢ ሊካሄድ ነው፤ ስሙን አስመዘገበ። ሞላዎቿን ቆርጦ ዝቅ አደረጋት። እንድትቀል ብሎ የኋላ ወንበሯን አወጣ። የሞተሩን ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታዋን ነቅሎ ቀጥ ያለ ቱቦ ገጠመላት፤ ስትነሳ ድምፅዋ ገበያው ድረስ ይሰማል። ለዚህ ሁሉ ሥራ ቡሎን ያጠበቀች፣ የእጅ ባትሪ ያበራች፣ ዘይት ውስጥ የተነከረች አርዋ ናት። አንዴ ደግሞ የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ አሸዋ የሞሉ ጄሪካኖችን ደርድረው መሪውን ለእሷ ለቀቀላት። ማርሽ ቀንሳ፣ ጄሪካኑን ታክካ ስትዞር፣ የኋላው ጎማ ትንሽ ሸርተት ብሎ ሲመለስላት፣ ጮኻ ነበር የሳቀችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍል ውስጥ መምህሩ ሲያስተምር እሷ በሐሳቧ ማርሽ ትቀይራለች።

ሳቢር ከስብሰባው ሲመለስ መኪናዋን ተደግፋ ጠበቀችው።

«ለምን ዋሸህ?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ቤት ነበርክ። መኪናዋም ደህና ነበረች። በላይ ለመነህ፤ አንተ...»

«የኋላ ወንበር እንኳ የላትም እኮ አርዋ! ምጥ የያዛትን ሴት ብረቱ ላይ ላስተኛት? ደግሞ ዝቅ ብላለች፤ በዚያ ድንጋይ ላይ ብነዳት የዘይት ቋቷ ተቀደደ ማለት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ለፍቼ፣ ውድድሩ ሲደርስ በአንድ ጉድጓድ ትጥፋብኝ?»

«ወንበሩን በደቂቃ መመለስ ይቻላል። እኔም አውቀዋለሁ፣ አንተም ታውቀዋለህ።»

«ልጁ ተርፏል አይደል? እናቲቱም እየተሻላት ነው። ምን ጎደለ?»

አርዋ ፊቱን አፍጥጣ አየችው። ይህን ያለው እውነት ሳቢር ነው? ትኩሳት ይዟት በነበረ ጊዜ ጀርባው ላይ አዝሏት የሮጠው ልጅ?

ሳቢር ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ። አንቺን ምን ያደርጉሻል? ልጅ ነሽ፤ ስቀውብሽ ይረሱታል። እውነቱ ቢወጣ ግን እኔን ከቅሬ ያስወጡኛል። ከቅሬ የወጣ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ፤ ሰው ቤቱ አይገባም፣ ሲሞትበት መቃብር የሚቆፍርለት የለም። እማማንም አስቢያት እንጂ! እስከ ቅዳሜ ዝም በይልኝ። ሞተሯንም አላስነሳትም፤ አይሱዙ መጥቶ ጭኖ ይወስዳታል። አንቺም አብረሽኝ ትሄጃለሽ። ከውድድሩ በፊት የሙከራ ዙር አለ፤ እሱን አንቺ ትነጂዋለሽ። ወላሂ።»

የሙከራ ዙር። እውነተኛ የውድድር መንገድ፣ ጄሪካን የሌለበት። አርዋ ልቧ ሲደልቅ ተሰማት፤ በዚህም ራሷን ጠላች። እንዴት እንዳወቀባት! የቱ ጋ እንደሚይዛት እንዴት አድርጎ አወቀ!

ማታ እናቷ ድስቱን እያማሰለች ቀና ሳትል «አውቃለሁ» አለቻት። «ሐሙስ ጠዋት፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ፣ ሞተሩን ለአፍታ ሲያስነሳው ሰምቻለሁ። ግን ወንድምሽን አደባባይ ላይ አታዋርጂው። አባትሽ እስኪመጣ ዝም በይ፣ በአላህ።»

«እኔስ አልተዋረድኩም?»

እናቷ ማማሰሏን ቀጠለች።

በማግስቱ ወሬው ትምህርት ቤት ቀድሟት ደርሷል። ሁዜይፋ የሚባለው ቀልደኛ የክፍሏ ልጅ ገና በሩ ላይ ሲያያት «ካርቡራተር መጣች! ብስክሌታችሁን ደብቁ!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

«አትፎግረኝ!» አለችው።

«ፉገራ አይደለም፣ እየተጠነቀቅኩ ነው።»

ወንበር የምትጋራት ጓደኛዋ ኢልሀም አልሳቀችም፤ ግን ጠጋ ብላ «የምር አንቺ ነሽ እንዴ ያበላሸሻት?» ብላ ጠየቀቻት። አርዋን ከሳቁ ይልቅ ይሄ አቃጠላት። ኢልሀም እንኳ! ደብተሯን ገልጣ እስክሪብቶውን ወረቀቱ እስኪቀደድ ተጫነችው።

የባሰው ግን ረቡዕ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የበላይን እናት እትዬ በዛችን መንገድ ላይ አገኘቻቸው። ለሐረግ የአጥሚት ፔርሙስ ይዘው ወደ ሆስፒታል እየሄዱ ነው። አርዋ አንገቷን ደፍታ ልታልፍ ስትል ጠሯት።

«ነይ እስቲ። ምነው ትሸሺኛለሽ?» ትከሻዋን ያዟት። «አብሽሪ ልጄ። እኔ አልተቀየምኩሽም። ልጅነት ነው። አውቀሽ አላደረግሽው!»

«እትዬ፣ እኔ...»

«ተይው በቃ፣ ይቅር ብዬሻለሁ።» ግንባሯን ስመዋት ሄዱ።

ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ላልሠራችው ጥፋት ይቅርታ ተደርጎላት፣ ግንባሯን ተስማ፣ እዚያው ጭቃው ላይ ቆማ ቀረች። በላይን ያባረረው ሳቢር ነው፤ እንደ ጥፋተኛ የሚታዘንላት እሷ ናት። ድንጋይ አንስታ አጥሩ ላይ ወረወረች። አንድ ሌላም ጨመረች። አልወጣላትም።

አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቅሬው እንደገና ተሰበሰበ፤ ሐረግ ከሆስፒታል መውጣቷ ነው። አርዋ ዳሱን ከግቢያቸው በሚለየው አጥር በኩል ቆማ ትሰማለች። ሐኪሙ ሐረግን «እንዳትናጭ ተጠንቀቂ» ብሏታል። ባጃጅ ይንጣል፤ እሱም ቢሆን ከአስፋልቱ አይገባም። በመጨረሻ በቃሬዛ ተሸክመው ሊያመጧት ተስማሙ።

«ማን ይሸከማል?» አሉ ሼህ ሃሩን።

«እኔ አለሁ» አለ አንድ ድምፅ። የሳቢር ድምፅ ነው። «መኪናዋ ብትበላሽም ትከሻዬ አልተበላሸም።»

«አላህ ይስጥህ! ልጅ ማለት እንዲህ ነው» አሉ አንዲት ሴት። ሌሎቹም መረቁት።

አርዋ ከዚህ በላይ መስማት አልቻለችም። ቁጣው እግሯን ይዟት ሄደ። ዕቃ ቤት ገብታ ከስንዴው ጆንያ ጀርባ በላስቲክ የተጠቀለለውን የኋላ ወንበር ጎትታ አወጣች። ከባድ ነበር፤ በሩ ላይ ሲያዝባት በትከሻዋ ገፋችው። ሸራውን ከመኪናዋ ላይ ገፈፈች፣ የፊቱን ወንበር ወደፊት አጥፋ ወደ ኋላ ገባች፣ ወንበሩን ቦታው ላይ አስቀምጣ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀች። ስትጨርስ በቡጢ መታችው፤ አልተነቃነቀም። ከዚያ ኮፈኑን ከፍታ ሳቢር የነቀለውን የባትሪ ገመድ መለሰች።

ቁልፉ ሳቢር ኪስ ውስጥ ነው። የአባቷ ቁልፍ ግን ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ በቀይ ክር እንደተንጠለጠለ ነው። አርዋ ልታወርደው ስትንጠራራ እናቷ አየቻት። ምን ልታደርግ እንደሆነ ገብቷታል። ሳትከለክላት ወደ ማዕድ ቤት ተመለሰች።

አርዋ መሪው ፊት ተቀመጠች። ቁልፉን አስገባች፣ ግን ወዲያው አላዞረችውም። አይሱዙው ነገ ነው የሚመጣው። ዝም ካለች እሁድ የውድድሩ መንገድ ላይ ትሆናለች፤ ማርሽ ትቀንሳለች፣ ጎማው ሸርተት ብሎ ይመለስላታል። ቁልፉን ካዞረች ይህ ሁሉ የለም፤ ምናልባት ሳቢርም ለረጅም ጊዜ አያናግራትም። ቅሬው ቤታቸው ላይ ምን እንደሚፈርድም አታውቅም። ይህን ሁሉ አሰበች። ግንባሯ ላይ እትዬ በዛች የሳሟትን ቦታም አሰበች።

ቁልፉን አዞረች።

ሞተሩ ሳል ሳል ብሎ ጠፋ። ነዳጁን ረገጥ አድርጋ ደገመች። በዚህኛው ያዘ። ማርሚታ የሌለው ቱቦ ግቢውን አናወጠው፤ ዶሮዎቹ ተበታተኑ፤ ድምፁ በአጥሩ ላይ አልፎ ወደ ዳሱ ሄደ። እግሯን ቀስ ብላ አነሳች። ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ሳይንገዳገድ፣ ራሷ ባስተካከለችው ሚኒሞ ላይ ረጋ።

ከዳሱ ይሰማ የነበረው ወሬ ቀጥ አለ።

ወረደችና የግቢውን በር ሁለቱንም ክንፍ ከፈተች። ሳቢር ከሁሉም ቀድሞ እየሮጠ ደረሰ፤ የቃሬዛው ጠፍር እጁ ላይ እንዳለ ነው። መኪናዋን አየ፣ የኋላውን ወንበር አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከኋላው በላይና እትዬ በዛች መጡ፣ ሰውም ተከተለ። ሼህ ሃሩን በመጨረሻ ገቡ፤ ወደ መኪናዋ ሄደው መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ፣ የሞተሩን መርገብገብ አዳመጡ፣ ከዚያ ቀና ብለው መጀመሪያ ሳቢርን፣ ቀጥሎ አርዋን አዩ።

ማንም አልሳቀም።

«አርዋ...» አለ ሳቢር።

አርዋ ገና ተናዳለች። ብዙ ልትለው ያሰበችው ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ስታጠናው ከርማለች። አሁን ግን የፊቱን ወንበር ወደፊት አጠፈችና ወደ ኋላ መግቢያውን ለእትዬ በዛች ከፈተችላቸው። ከዚያ ከሾፌሩ በር ገለል አለች።

«ድንጋዩን እየዞርክ በቀስታ ንዳ» አለችው። «ሐረግ እየጠበቀች ነው።»