የአሥራ አንድ ሰዓት ውሃ

አሰጋሽ አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ትንሿን ድስት ትጥዳለች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሰፈሩ ፋብሪካ ክሊኒክ ድሬሰር ኦልጅራ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይመጣል። የብርጭቆ ሲሪንጁን በፈላው ውሃ ይቀቅልና አባቷን የማስታገሻ መርፌ ይወጋቸዋል።

አባቷ አቶ ተሰማ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አቃቂ ጣቢያ ቆመው፣ ባንዲራ እያውለበለቡ ባቡር የሸኙ ሰው ናቸው። አሁን ካንሰሩ ጉበታቸው ደርሷል። ሐኪሙ ይህን የነገረው ለአሰጋሽ ብቻ ነው። «ቤት ወስደሽ አስታሚያቸው፤ ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም» አላት። እሷም፣ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ለበሽተኛው ደበቀች። ኦልጅራንም ገና በመጀመሪያው ቀን በር ላይ ያዘችው።

«ከጠየቁህ ጨጓራ ነው የምትለው።»

«እሺ።»

«አቦን በል!»

«አቦን! ከእኔ አፍ አትወጣም።»

ግራ ያጋባት ግን ሌላ ነገር ነበር። ከሰዓት በኋላ ሕመሙ ሲብስ፣ አባቷ ጥርሳቸውን ነክሰው ወደ ግድግዳው ሲዞሩ፣ የእሷ ልብ ደስ ይለው ጀመር። አሥራ አንድ ሰዓት ቀርቧላ! ጸጉሯን ታበጥራለች፤ ወዲያው ደግሞ ማበጠሪያውን ወርውራ ታለቅሳለች። አባቷ እየሞቱ እሷ መስታወት ታያለች? ደግሞስ የምትጠብቀው ሰውየውን ነው ወይስ መርፌውን? ጌታ ይወቀው፤ እሷ አታውቅም።

አንድ ቀን ከቦኖ ውሃ ቀድታ ስትመለስ አባቷ ሲስቁ ሰማች። ስትገባ ሁለቱም ዝም አሉ።

«ምንድነው የሚያስቃችሁ?»

«የወንዶች ወሬ ነው። አንቺ ድስትሽን ጠብቂ» አሉ አቶ ተሰማ። ኦልጅራ አንገቱን ደፍቶ ቦርሳውን ይጎረጉራል።

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ኦልጅራ ከሳሪስ አቦ የአባቷን የንስሐ አባት ይዞ መጣ። ቄሱ እንደገቡ አሰጋሽ ግቢው ውስጥ ክንዱን ጨመደደችው።

«ነገርካቸው!»

«አልነገርኩም።»

«ታዲያ ለጨጓራ ነው ቄስ የሚጠራው? አቦን ብለህ ምለህ! ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላይ!»

ኦልጅራ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ወጥቶ ሄደ።

ቄሱ ከሄዱ በኋላ አባቷ ጠሯት።

«አሰጉ፣ ልጁን ምን ብለሽ ነው ያባረርሽው?»

«አባዬ፣ እሱ እኮ...»

«እሱ ምንም አላለኝም፤ ቄሱንም አምጣልኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ቀጠሮ ሳይሰጠኝ ሲያሰናብተኝ ነው የገባኝ። ስንቱን የሸኘሁ ሰው፣ መሸኘትን አላውቅም?» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አንቺ እንዳትሰበሪብኝ፣ ማወቄን እንዳይነግርሽ አስምዬው ነበር።»

«በማን?»

«በአቦ ነዋ!»

አሰጋሽ እየሳቀች እንባዋ ወረደ። ያ ሰው ለካ ሁለት መሐላ ተሸክሞ ነው የሚመላለሰው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ እንደተባረረ ሳይሆን እንደ ሁልጊዜው፣ መጣ። በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው፤ ይቅርታ ልትለው አሰናድታ ነበር፤ ሲደርስ ግን ቦርሳውን ብቻ ተቀበለችው። እሱም ብዙ ካያት በኋላ፣ «ውሃው ፈላ?» ብቻ አላት።

ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት አቶ ተሰማ አረፉ። ኦልጅራ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ሦስት ቀን ከወንዶች ጋር ተቀመጠ፤ ከዚያ ቀረ። ምን ብሎ ይምጣ? የሚወጋው ሰው የለ። እሷስ ምን ብላ ትጥራው?

ከአርባው ማግሥት አሰጋሽ ከሐሳቧ ብንን ስትል ትንሿ ድስት ምድጃው ላይ ትንተከተካለች። መቼ እንደጣደቻት አታውቅም። ልታወርዳት ስትል ኮቴ ሰማች። መጀመሪያ ያየችው እጆቹን ነው፤ ቦርሳ አልያዙም። ልቧ ግን እንደዚያው ደስ አለው።

«ውሃ ጥደሻል» አለ ኦልጅራ።

«እጄ ለምዶ ነው።»

«የእኔም እግር...» ብሎ አልጨረሰውም።

ከጣቢያው በኩል ባቡር ጮኸ። ሁለቱም ወደዚያ ዞሩ።

«ሻይ ቅጠል ልጨምርበት?» አለች።

«በመርፌ ድስት?»

«ስንት ጊዜ ተቀቅላ! ከእሷ የጸዳች ድስት ከየት ይመጣል?»

ጥቁር ከለበሰች ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። በርጩማውን ሳበችለት።

«ግባ እንጂ። ዛሬ እንኳ ቁጭ በል።»